ግንብና ብርሃን በሕልም
ሕልምን በእምነት ስለ መመዘን የቀረበ ትምህርት

መግቢያ



በአገራችን ሰው ያየውን ሕልም ላገኘው ሁሉ አይናገርም። አስቀድሞ የሚነግረውን ሰው ይመርጣል፤ ሰሚውም ገና ነገሩን ሳይሰማ «መልካም ያድርገው» ብሎ ይመርቃል። ይህን የምናደርገው «ሕልም እንደ ፈቺው ነው» የሚል የቆየ አባባል ስላለን ነው። በዚህ አባባል ውስጥ አንድ እውነትና አንድ አደጋ አብረው ይገኛሉ። እውነቱ፣ ያው አንዱ ሕልም በደግ ሰው አንደበት መጽናኛ፣ በክፉ ሰው አንደበት ደግሞ የጥል መነሻ ሊሆን መቻሉ ነው። አደጋው ግን፣ የሰው ዕድል በፈቺው አፍ ውስጥ የተቀመጠ መስሎን ከእግዚአብሔር ይልቅ ፈቺውን መፍራት መጀመራችን ነው።

በየቁምስናው የሚያገለግሉ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን እንዲህ ያለ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይቀርብላቸዋል። አንዱ «በረጅም ግንብ ጫፍ ላይ ቆሜ አየሁ» ይላል፤ ሌላው «ግንቡ ሲፈርስ አየሁ» ይላል፤ ሌላይቱ «ከሰማይ ብርሃን ሲወርድልኝ»፣ ወይም «በእጄ የያዝኩት ጧፍ ሲጠፋብኝ አየሁ» ትላለች። ሁሉም የሚጠይቁት «ምን ማለት ይሆን?» ብለው ነው። እኛም በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ሁለት ምልክቶች፣ ግንብንና ብርሃንን፣ መርጠን እንመለከታለን። በየመንገዱ እንደሚሸጡት የሕልም ፍቺ መጻሕፍት «ግንብ ማለት ይህ ነው፣ ብርሃን ማለት ያ ነው» የሚል ዝርዝር አንሰጥም። ዓላማችን ምእመኑ ሕልሙን በእምነቱ እንዲመዝን እንጂ እምነቱን በሕልሙ እንዳይመዝን መርዳት ነው።

1. ቤተ ክርስቲያን ስለ ሕልም ምን ታስተምራለች?

ቅዱሳት መጻሕፍት ስለ ሕልም ሁለት ነገሮችን ይነግሩናል፤ ሁለቱንም አብረን መያዝ ይገባናል።

በመጀመሪያ፣ እግዚአብሔር በፈቀደ ጊዜ በሕልም ይናገራል። ለያዕቆብ በቤቴል (ዘፍ 28፡10-19)፣ ለሰሎሞን በገባዖን (1ነገ 3፡5-15)፣ ለቅዱስ ዮሴፍና ለሰብአ ሰገል በጌታ ልደት ጊዜ (ማቴ 1፡20፤ 2፡12-13) ተናግሯል። ቅዱስ ጴጥሮስም በበዓለ ጰራቅሊጦስ ባሰማው ስብከት የነቢዩ ኢዩኤልን ትንቢት ጠቅሶ፣ የመንፈስ ቅዱስ ስጦታ ሽማግሌዎች በሚያዩት ሕልም ጭምር እንደሚገለጥ መስክሯል (ሐዋ 2፡17)።

ሁለተኛ፣ ሕልም ሁሉ ከእግዚአብሔር አይደለም። ሙሴ፣ ሕልም አላሚ የተናገረው ምልክት ቢፈጸም እንኳ፣ ሕዝቡን ወደ ሌሎች አማልክት የሚመራ ከሆነ እንዳይሰሙት አዝዟል (ዘዳ 13፡1-5)። ኤርምያስ የሐሰተኞችን ሕልም በገለባ፣ የእግዚአብሔርን ቃል በስንዴ ይመስላል (ኤር 23፡28)። መክብብ ሕልም ከሥራ ብዛት እንደሚመጣ ያስታውሰናል (መክ 5፡3)። ሲራክም በሕልም የሚታመነውን ሰው ጥላ ለመጨበጥና ነፋስን ለማባረር ከሚሮጥ ሰው ጋር ያመሳስለዋል፤ ነገር ግን ከልዑል የተላከውን ሕልም ለይቶ ያስቀምጣል (ሲራ 34፡1-8)።

የቤተ ክርስቲያን አባቶችም በዚሁ መንገድ ሄደዋል። ታላቁ ቅዱስ ጎርጎርዮስ በ6ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በጻፈው «ዲያሎጎች» በተባለው መጽሐፉ የሕልምን መነሻ በስድስት ይከፍላል፤ እነርሱም የሆድ ጥጋብ፣ የሆድ ባዶነት፣ የጠላት ማታለል፣ የራስ ሐሳብ ከማታለል ጋር ሲቀላቀል፣ መለኮታዊ መገለጥ፣ እንዲሁም የራስ ሐሳብ ከመገለጥ ጋር ሲቀላቀል ናቸው። ይህን ካስተማረ በኋላ አንድ ታሪክ ይጨምራል። አንድ ሰው ረጅም ዕድሜ እንደሚኖር በሕልሙ ተነገረው፤ አምኖም ለሚመጡት ብዙ ዓመታት የሚሆን ገንዘብ ሰበሰበ፤ ነገር ግን ገንዘቡ ሳይነካ በድንገት ሞተ። ይህን ሰው የጎዳው ክፉ ሕልም አልነበረም፤ መልካም ነገር የነገረው ሕልም ነበር። ስለዚህ የሚያስፈራውን ሕልም ብቻ ሳይሆን የሚያስደስተውንም መመርመር ያስፈልጋል።

በ13ኛው መቶ ዓመት ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስ «ሱማ ቴዎሎጂካ» በተሰኘው ታላቅ ድርሰቱ የሕልም ምክንያቶችን ከውስጥና ከውጭ ብሎ ይለያቸዋል። ከውስጥ የሚመጣው ቀን ያሰብነውና የተመኘነው ነገር፣ እንዲሁም የሰውነታችን ጤንነት ወይም ሕመም ነው። ከውጭ የሚመጣው ደግሞ በዙሪያችን ካለው ነገር፣ ወይም ከመንፈሳዊ ኃይል ሲሆን፣ ይኸውም ከእግዚአብሔር በመላእክቱ አማካይነት፣ አለዚያም ከክፉ መናፍስት ነው። የዘመናችን ሳይንስም ስለ ሰውነት የተባለውን አስፍቶታል። እ.ኤ.አ. በ1953 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ዩጂን አሰሪንስኪና ናትናኤል ክሌይትማን የተባሉ ተመራማሪዎች፣ በእንቅልፍ መካከል ዓይን በፍጥነት የሚንቀሳቀስበት ጊዜ እንዳለና በዚያን ጊዜ የተቀሰቀሱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ሕልም ማየታቸውን እንደሚናገሩ አሳወቁ። ይህ ጊዜ በአንድ ሌሊት ውስጥ ብዙ ጊዜ ይመላለሳል። እንግዲህ ማለም የሰውነታችን የዘወትር ሥራ እንጂ በራሱ የትንቢት ምልክት አይደለም። አባቶቻችንስ «ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም» ያሉት ስለዚህ አይደለምን?

እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2115 እና 2116 ነገሩን ያጠቃልልልናል። እግዚአብሔር መጪውን ነገር ለነቢያቱና ለቅዱሳኑ ሊገልጥ ይችላል፤ የክርስቲያን ትክክለኛ አቋም ግን ስለ ነገ ያለውን ሁሉ ለእግዚአብሔር አሳቢነት በእምነት አሳልፎ መስጠትና ከማይገባ ጉጉት መራቅ ነው። ጥንቆላና ሟርት በማናቸውም ዓይነት ቢቀርቡ የተከለከሉ ናቸው። በቁጥር 67 ደግሞ፣ ቤተ ክርስቲያን የተቀበለቻቸው የግል መገለጦች እንኳ በክርስቶስ በተፈጸመው መገለጥ ላይ የሚጨምሩት ነገር እንደሌለ ተጽፏል። በቤተ ክርስቲያን የታወቁ ታላላቅ ራእዮች እንዲህ ከተመዘኑ፣ የእኛ የአንድ ሌሊት ሕልም ይልቁን እንዴት አይመዘን!

2. ግንብ፦ ማን ሠራው? በምን ላይ ቆመ? ማንን ያስጠልላል?

ስለ ግንብ ስናነሣ አስቀድሞ ወደ አእምሮአችን የሚመጣው የባቢሎን ግንብ ነው (ዘፍ 11፡1-9)። በሰናዖር ሜዳ የሰፈሩት ሰዎች ጡብ ጠፍጥፈው፣ ተኩሰው፣ ጫፉ ሰማይ የሚደርስ ግንብ ለመሥራት ተነሡ። ምክንያታቸውን መጽሐፍ አልሸሸገም፤ ስማቸውን ለማስጠራትና በምድር ላይ እንዳይበተኑ ነበር። መጨረሻቸው ግን ያው የፈሩት መበተን ሆነ።

ጥቂት ምዕራፎች አልፈን ወደ ያዕቆብ ሕልም ስንደርስ፣ ጫፉ ሰማይ የሚደርስ ሌላ ነገር እናገኛለን (ዘፍ 28፡12)። ያዕቆብ ከወንድሙ ቁጣ የሸሸ፣ ከድንጋይ በቀር መንተራሻ የሌለው ስደተኛ ነበር። በዚያች ሌሊት ያየውን መሰላል እርሱ አልሠራውም፤ ጡብ አላቀበለም። እግዚአብሔር ወደ እርሱ ቀርቦ ተስፋ ሰጠው። የሁለቱም ጫፍ ሰማይ ይደርሳል፤ ነገር ግን አንዱን ሰው ለስሙ ሲል ከታች ወደ ላይ ሠራው፣ ሁለተኛውን እግዚአብሔር ለምሕረት ሲል ለሰው ገለጠው። ጌታችንም ለናትናኤል በተናገረው ቃል፣ መላእክት የሚወጡበትና የሚወርዱበት እርሱ ራሱ መሆኑን አስታወቀ (ዮሐ 1፡51)። ከፍታ ብቻውን፣ እንግዲህ፣ ምልክት አይሆንም። በሕልሙ ራሱን በግንብ ጫፍ ላይ ያየ ሰው «ሹመት ይመጣልሃል» ቢባል፣ ያ ፈቺ የባቢሎንን መንገድ እያሳየው ሊሆን ይችላል።

የከፍታን ሌላ ትርጉም ከቅድስት ጴርጴቱዋ እንማራለን። ይህች ወጣት እናት እ.ኤ.አ. በ203 በካርታጎ ስለ ክርስቶስ ታስራ ሳለች ሰማይ የሚደርስ የናስ መሰላል በራእይ አየች። በጎንና በጎኑ የስለት መሣሪያዎች ተሰክተውበት ነበር፤ ከሥሩም ዘንዶ ተኝቶ ነበር። ከእንቅልፏ ስትነቃ ከእስር እፈታለሁ ብላ አልፈታችውም፤ መከራ እንደሚጠብቃት ተረድታ ለሰማዕትነት ተዘጋጀች። ራእዩ ከመስቀል አላሸሻትም፤ ለመስቀል አበረታት።

ግንብ መጠጊያም ነው። መጽሐፈ ምሳሌ የጌታን ስም ጻድቅ ሮጦ ከሚጠጋበት ጽኑ ግንብ ጋር ያነጻጽራል (ምሳ 18፡10)። ኢሳይያስም የወይኑ ጌታ በእርሻው መካከል መጠበቂያ ግንብ እንደሠራ ይነግረናል (ኢሳ 5፡2)፤ ይህም ማሽላውን ከወፍና ከዝንጀሮ ለመጠበቅ በማማ ላይ የሚያድረውን ገበሬ ለሚያውቅ ሕዝብ ቅርብ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1587 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሲክስቶስ 5ኛ ባጸደቁት የሎሬቶ ሊጣንያ እመቤታችንን «የዳዊት ግንብ» ብለን ስንጠራት፣ በእርሷ ጥላ ሥር ለመጠጋት መለመናችን ነው።

ስለሚፈርስ ግንብ ደግሞ ጌታችን ራሱ አስተምሮናል። በሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰዎችን በገደለ ጊዜ፣ ሕዝቡ የሞቱት ሰዎች ከሌሎች ይልቅ ኃጢአተኞች እንደ ነበሩ ሊያስብ ይችል ነበር። ጌታ ግን ይህን ፍቺ አልተቀበለም፤ በሞቱት ላይ ፍርድ ከመስጠት ይልቅ የሚሰሙትን ሁሉ ወደ ንስሐ ጠራ (ሉቃ 13፡4-5)። በእውን የወደቀውን ግንብ የሰው በደል ማስረጃ እንዳናደርገው ከከለከለን፣ በሕልም የወደቀውን ግንብ በማንም ላይ ማስረጃ ማድረግ እንዴት ይፈቀድልናል?

ስለ ግንብ የተነገረው እጅግ የሰፋ ጥንታዊ ራእይ በ2ኛው መቶ ዓመት በሮም በተጻፈው «የሄርማስ እረኛ» በተባለው መጽሐፍ ይገኛል። ይህ መጽሐፍ በአገራችን እንግዳ አይደለም፤ በጥንት ዘመን ወደ ግዕዝ ተተርጉሟል። የግዕዙን ቅጂ በ19ኛው መቶ ዓመት አንትዋን ዳባዲ የተባለው ተመራማሪ በትግራይ ከጉንዳ ጉንዴ ገዳም አግኝቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1860 በላይፕሲግ ከተማ ከላቲን ትርጉም ጋር አሳትሞታል። ሄርማስ በራእዩ አንዲት አሮጊት ተገለጠችለት፤ ማን እንደ ሆነች አላወቀም ነበርና፣ ተኝቶ ሳለ አንድ መልከ መልካም ወጣት «ቤተ ክርስቲያን ናት» ብሎ አስረዳው። እርሷም በውኃ ላይ የሚሠራ ታላቅ ግንብ አሳየችው። ግንቡ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ውኃው ጥምቀት ነው፤ ድንጋዮቹ ምእመናን ናቸው። ከጥልቅ የሚወጡት ድንጋዮች ስለ ጌታ መከራ የተቀበሉ ናቸው። ነጭና ክብ የሆኑት እምነት ያላቸው ባለጠጎች ሲሆኑ፣ ሀብታቸው ካልተቆረጠላቸው ከግንቡ ጋር አይገጥሙም። የተሰነጠቁት ደግሞ ፊት ለፊት ሲገናኙ ሰላም እየተባባሉ በልባቸው ቂም የያዙ ናቸው።

ሄርማስ ከዚህ ሁሉ የተረዳው የነገን ዕድል ሳይሆን የራሱንና የቤተሰቡን ንስሐ ነው። ስለዚህ የግንብ ሕልም ያየ ምእመን በሦስት ጥያቄዎች ራሱን ቢመረምር ይጠቀማል። በሕይወቴ ውስጥ የምገነባውን ማን እየሠራው ነው፣ እኔ ለስሜ ወይስ እግዚአብሔር በእኔ? በምን ላይ ቆሟል፣ በጥምቀቴ ቃል ኪዳን ወይስ በሌላ ነገር? ማንን ያስጠልላል፣ ራሴን ብቻ ወይስ ባልንጀራዬን? ሕልሙ ከእግዚአብሔር ባይሆን እንኳ እነዚህ ጥያቄዎች አይጎዱትም።

3. ብርሃን፦ ምን ያሳየናል? ጠዋት ምን ይተውልናል?

ግንብና ብርሃን በአንድነት የሚታሰቡባት ሰማዕት ቅድስት ባርባራ ናት። በትውፊት እንደሚነገረው አረማዊው አባቷ በግንብ ውስጥ ዘጋባት፤ በሚሠራው ሕንፃ ላይ ሁለት መስኮቶች እንዲኖሩ ሲያዝ እርሷ ስለ ቅድስት ሥላሴ ሦስተኛ መስኮት አስጨመረች። አባቷ ለማጠር ባሠራው ግንብ እርሷ ብርሃን የሚገባበትን ፈለገች። ብርሃንን ከማድነቅ አልፎ በብርሃኑ ምን ይታያል ብሎ መጠየቅ እንዲህ ነው።

የያዕቆብ ልጅ ዮሴፍ ፀሐይ፣ ጨረቃና 11 ከዋክብት ሲሰግዱለት በሕልሙ አየ (ዘፍ 37፡9)። በወጣትነቱ ሕልሙን በተናገረ ጊዜ ያተረፈው የወንድሞቹን ጥላቻ ነበር። ትርጉሙ የተገለጠው ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በጉድጓድ፣ በባርነትና በእስር ቤት ካለፈ በኋላ፣ በረሃብ ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ዮሴፍ ከፍ ያለው የተራቡትን ለመመገብ መሆኑን ተረዳ፤ ለወንድሞቹም እግዚአብሔር ሕይወትን ለማዳን እንደ ላከው ነገራቸው (ዘፍ 45፡5)። የዮሴፍ ብርሃን እውነተኛ የሆነው ለሌሎች እንጀራ በሆነ ጊዜ ነው። ጌታችንም መብራት በመቅረዝ ላይ የሚቀመጠው በቤት ላሉት ሁሉ እንዲያበራ መሆኑን ያስተምራል (ማቴ 5፡15)።

ብርሃን ሁሉ ግን ከላይ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ሰይጣን ራሱ የብርሃን መልአክን መልክ እንደሚይዝ ያስጠነቅቃል (2ቆሮ 11፡14)። ቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ ይህን በራሱ ሕይወት አይቷል። እ.ኤ.አ. በ1522 በስፔን አገር በማንሬሳ ሳለ በጠራራ ቀን በአየር ላይ አንድ እጅግ ያማረ ነገር ይታየው ነበር፤ የእባብ መልክ ያለው ይመስል ነበር፤ እንደ ዓይን የሚያበሩ ብዙ ነገሮችም ነበሩበት። ሲያየው ደስ ይለዋል፤ ሲጠፋበት ያዝናል። ከጊዜ በኋላ በመስቀል ፊት ተንበርክኮ ሲጸልይ ያው ነገር ታየው፤ ነገር ግን በመስቀሉ ፊት የቀድሞ ውበቱ አልነበረውም። ከክፉው መንፈስ መሆኑን ያን ጊዜ በግልጽ ዐወቀ። ይህ ታሪክ በእውን ስለታየ ነገር ቢሆንም ለሕልምም ትልቅ መመዘኛ ይሰጠናል፤ የታየንን ብርሃን ወደ መስቀል እናቅርበው። የተሰቀለውን ጌታ እንድንወድ፣ በደላችንን እንድናይ፣ ጠላታችንን ይቅር እንድንል ካደረገን መልካም ነው። ከሌላው የምንበልጥ መስሎ እንዲሰማን ካደረገን ግን፣ የቱንም ያህል ቢያምር እንተወው።

ቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮ ሕልምን ለትምህርት በመጠቀም የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1862 በቶሪኖ ለሚያሳድጋቸው ወጣቶች በነገራቸው ሕልም፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ የሚመሩት ታላቅ መርከብ በጠላት መርከቦች ተከብቦ በማዕበል ሲናጥ፣ በባሕሩ መካከል ሁለት ዓምዶች ይታያሉ። በረጅሙ ዓምድ ላይ ቅዱስ ቁርባን፣ በሁለተኛው ላይ የእመቤታችን ምስል ይገኛሉ። መርከቡ በሁለቱ መካከል ታስሮ ይድናል። ወጣቶቹ ከዚህ የወሰዱት ነገር ግልጽ ነበር፤ ቅዱስ ቁርባንን መቀበል፣ እመቤታችንን መለመን፣ ከቅዱስ አባታችን ጋር በአንድነት መጽናት። ይህን ለማድረግ ደግሞ ሕልም ማየት አያስፈልግም።

ስለሚጠፋ መብራትስ ምን እንላለን? በልማዳችን የመብራት መጥፋት ብዙ ጊዜ ከሞት ጋር ይያያዛል። ነገር ግን በዐሥሩ ደናግል ምሳሌ መብራታቸው የሚጠፋባቸው ሴቶች የተወቀሱት ዘይት ባለመያዛቸው ነው (ማቴ 25፡1-13)፤ ይህም የዝግጅት ጥሪ እንጂ የሞት መርዶ አይደለም። ኢሳይያስም የእግዚአብሔር አገልጋይ የሚጤሰውን ክር እንደማያጠፋ ይናገራል (ኢሳ 42፡3)። ሊጠፋ የደረሰውን ክር የማያጠፋ ጌታ፣ በልጆቹ ሕልም ውስጥ ክር እያጠፋ ያስፈራራናልን?

4. የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ምን ያድርግ?

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። የአንዲት እናት ልጅ ወደ ዐረብ አገር ለሥራ ሄዳለች እንበል። እናት ወር ሙሉ የልጃቸውን ድምፅ አልሰሙም። አንድ ሌሊት የቤተ ክርስቲያናቸው የደወል ማማ ሲፈርስ፣ በላዩ ይበራ የነበረውም መብራት ሲጠፋ በሕልማቸው አዩ። ማልደው ወደ መምህሩ መጥተው «ልጄ ሞታብኝ ይሆን?» ብለው ይጠይቃሉ። በሰፈሩ ደግሞ «ጎረቤትሽ መተት አድርጋባት ነው» የሚልና ለማክሸፊያ ገንዘብና ጥቁር ዶሮ የሚጠይቅ ሰው አለ። እዚህ ላይ የእኚህ እናት ሰላም፣ ገንዘባቸውና ከጎረቤታቸው ጋር የኖሩበት ፍቅር ሁሉ በአንድ ፍቺ ላይ ተንጠልጥሏል።

መምህሩ በመጀመሪያ ቁጭ ብሎ እስኪጨርሱ ይስማቸው። ሕልማቸውን ማጣጣል ፍርሃታቸውን አያስወግድም፤ የሚሰማቸውን ሌላ ሰው እንዲፈልጉ ይገፋፋቸዋል እንጂ።

ሁለተኛ፣ አይፍታ። «ሞታለች» ማለት ጭካኔ ነው፤ «አይዞዎት፣ ሕልሙ ደኅና መሆኗን ያሳያል» ማለትም ለማጽናናት የተባለ ቢሆን ያው ሟርት ነው። መምህሩ የማያውቀውን አያረጋግጥ። ይልቁንስ «እማማ፣ ይህ ሕልም ልጅዎን ምን ያህል እንደሚወዱ ያሳየናል፤ ስለ እርሷ የሚያውቀው ግን እግዚአብሔር ነው» ቢላቸው እውነቱን ይናገራል። ዮሴፍም በእስር ቤት ሳለ ፍቺ የእግዚአብሔር እንደሆነ ተናግሯል (ዘፍ 40፡8)።

ሦስተኛ፣ አብሯቸው ይጸልይ። መቁጠሪያ ይድገሙ፤ ስለ ልጅቱ ቅዳሴ እንዲደረግ ለቆሞሱ ይንገሩ። ጸሎት ሕልሙን ለማክሸፍ የሚደረግ ድግምት ሳይሆን ልጅን በአባቷ እጅ ማኖር መሆኑንም ያስረዳቸው።

አራተኛ፣ ፍቅር የሚጠይቀውን ሥራ ይሥሩ። ልጅቱን የላከውን ኤጀንሲ መጠየቅ፣ በዚያው ከተማ ያሉ የአገር ልጆችን ስልክ መፈለግ፣ በቆሞሱ በኩል በዐረብ አገሮች ካሉ የካቶሊክ ቁምስናዎች ጋር ለመገናኘት መሞከር ይቻላል። ለጥቁር ዶሮ ሊወጣ የነበረው ገንዘብ ለዚህ ቢውል ይሻላል።

አምስተኛ፣ የጎረቤት ስም ከተነሣ መምህሩ በዚያ ላይ ይጽና። በሕልም የታየ ሰው በሕልም በመታየቱ ብቻ አንዳች በደል የለበትም። በሕልም ምክንያት ሰውን መክሰስ በሐሰት መመስከር ነው፤ ስምንተኛውን ትእዛዝ ያፈርሳል። ከሄርማስ ግንብ የተለዩት የተሰነጠቁት ድንጋዮች እዚህ ይታሰቡን። ቂም ካለ ጠዋቱን ሄዶ መታረቅ ነው፤ ከእግዚአብሔር የሆነ ብርሃን ወደ ጎረቤት ደጅ ይመራል።

ስድስተኛ፣ ያው አስፈሪ ሕልም በየሌሊቱ የሚመላለስበት፣ በተለይም ጦርነትን፣ እስርን ወይም የስደትን መከራ ያለፈ ሰው ቢያጋጥመው፣ ከነፍስ አባቱ ጋር እንዲነጋገር ከማድረጉም በላይ ወደ ሐኪም እንዲሄድ ይምከረው። የተጎዳ አእምሮ እንደ ተሰበረ እግር ሕክምና ያስፈልገዋል፤ ይህም የእምነት ማነስ አይደለም።

ማጠቃለያ

ንጉሥ ናቡከደነፆር ቁመቱ ሰማይ የሚደርስ ዛፍ በሕልሙ ባየ ጊዜ፣ ነቢዩ ዳንኤል ፍቺውን ነግሮት በዚያ አላበቃም፤ ኃጢአቱን በጽድቅ፣ በደሉንም ለድኾች በመራራት እንዲያስወግድ መከረው (ዳን 4፡27)። የእውነተኛ ፍቺ መጨረሻው ይህ ነው፤ ንስሐና ምጽዋት።

የቅዱስ ዮሴፍ ሕልሞች ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ግልጽ ናቸው። በማቴዎስ ወንጌል ስለ እርሱ የተጻፉትን ሕልሞች ብናነብ ግንብም፣ ከዋክብትም፣ መብራትም አናገኝም። የእግዚአብሔር ትእዛዝ ብቻ አለ፤ ትእዛዙም ሁልጊዜ ሕፃኑንና እናቱን ስለ መጠበቅ ነው። ዮሴፍ ፈቺ ፍለጋ አልሄደም፤ ያየውን ለሕዝብ አላወራም፤ ከእንቅልፉ ነቅቶ የታዘዘውን አደረገ። የአባባላችንን ቃል ብንጠቀም፣ ሕልም እንደ ፈቺው ከሆነ፣ የእኛ ፈቺ ለእኛ የተሰቀለው ጌታ ነው። በሌሊት ያየነው ምንም ይሁን ምን፣ ጠዋት ስንነሣ እንድንጠብቀው በአጠገባችን የተቀመጠ ሰው አለ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. የባቢሎንን ግንብና የያዕቆብን መሰላል አነጻጽሩ። በቁምስናችን ሥራ የትኛውን እንመስላለን?
2. ጌታችን ስለ ሰሊሆም ግንብ የሰጠው መልስ (ሉቃ 13፡4-5) በሰው ላይ ስለሚደርስ መከራ ያለንን አነጋገር እንዴት ያርማል?
3. «አይዞሽ፣ ሕልሙ መልካም ነው» ብሎ ማጽናናት ለምን አይበቃም? በምን ዓይነት ቃል ልናጽናና እንችላለን?
4. በሕልም ወይም በጠንቋይ ቃል የተነሣ የተኳረፉ ጎረቤታሞችን ለማስታረቅ ማኅበራችን ምን ሊያደርግ ይችላል?